ድራሙ የቆመበት ቦታ

«ድንግዝግዝ» የወጣው ሐሙስ ጠዋት ነው። እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ደሴ ውስጥ ያልሰማው ሰው የቀረ አይመስለኝም። ሊፍት ውስጥ፣ የታክሲ ሰልፍ ላይ፣ ክሊኒክ በራፍ ላይ፣ ሰዎች ጥጣቸውን ጆሯቸው ውስጥ ሰክተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆመው ነበር። ጥጥ የምንለው የጆሮ ማዳመጫውን ነው። የተፈቀደውን ድምፅ ያስገባል፣ ከልክ ያለፈውን ያስቀራል። በልጅነቴ ጆሮው ላይ ጥጥ የሚደረግለት አስከሬን ብቻ ነበር።

ስለ አልበሙ የተጻፈውን ሁሉ አንብቤዋለሁ። ብራቅ ባንድ እርጅናውን በጸጋ ተቀበለ ያሉ አሉ። ከአርባ ዓመት ጩኸት በኋላ የመጣ ማስተዋል ነው ያሉም አሉ። ከሁሉም በላይ የተወደደው «አትቀስቅሱት» የሚለው ዘፈን ነው። ድራሙ መሃል ላይ ሹልክ ብሎ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ አይመለስም። አንዱ ጸሐፊ፣ ድራመሩ ዝምታን እንደ መሣሪያ ተጫወተው፣ እንዲህ ያለ ድፍረት ያለው ሽማግሌ ላይ ብቻ ነው ብሎ አድንቋል። ዘፈኑ ሊያልቅ ሲል የምትሰማ አንዲት ሹክሹክታ አለች፤ ምን እንደምትል ወጣቶቹ እስካሁን ይከራከራሉ። ወዲያው ዘፈኑን ለእንቅልፍ ከሚመረጡት ውስጥ አስገቡት። ከተማው በሙሉ በእሱ ይተኛል።

ድራመሩ ወንድሜ አናንያ ነው። በጸጋ የተቀበለው ምንም ነገር አልነበረም።

ብራቅ ሦስት ሰዎች ነበሩ። ኢዮስያስ ጊታር እየመታ ይዘፍናል፣ ሙዓዝ ባስ ጊታር ይጫወታል፣ አናንያ ድራሙ ላይ ነው። በሁለት ሺህ ሠላሳዎቹ፣ ፀጉራቸው ትከሻቸው ላይ የወረደ ጎረምሶች ሆነው፣ ሰኞ ገበያ ሜዳ ላይ ሲጫወቱ ድምፁ ጦሳ ተራራ ላይ ተላትሞ ይመለስ ነበር። አናንያ ተራራው እስኪመልስለት ጠብቆ ነበር ቀጣዩን የሚመታው። አራተኛው አባላችን ጦሳ ነው ይሉ ነበር። አንድ ሕግ ነበራቸው። ከሦስቱ አንዱ እጁን ከመሣሪያው ካነሣ ዘፈኑ ይቆማል። መብራት ቢጠፋም፣ ድንጋይ ቢወረወርም፣ አንዱ ቢታመምም፣ ሁለቱ አንዱን ጥለውት አይሄዱም። በዚህ ሕግ ስንት ድግስ መሃል ላይ እንደተቋረጠ፣ ስንቱ ደጋሽ እንደሰደባቸው አውቃለሁ።

ከዚያ የድምፅ ቆጣሪው መጣ። አሁን በየቤቱ በር ራስጌ ላይ አለ። አረንጓዴ ሲሆን ሰላም ነው። ቀይ ከሆነ ሊፍቱ እዚያ ፎቅ ላይ ለሳምንት አይቆምም። የሚቀጣው የጮኸው ሰው ብቻ አይደለም፣ ፎቁ በሙሉ ነው። ስለዚህ ፖሊስ አያስፈልግም፤ ጎረቤት ይበቃል። ሽንኩርት ስንከትፍ ከመክተፊያው ሥር ፎጣ እናነጥፋለን። ማስነጠስ ሲመጣብን ትራስ ፍለጋ እንሮጣለን። ባልና ሚስት የሚጣሉት ልብስ ማጠቢያ ክፍል ገብተው በሹክሹክታ ነው። ልጆች አፋቸውን ይዘው መሳቅን የሚማሩት መራመድ ሳይማሩ ነው።

የእኔ ሥራም፣ አልቃሽነቱ፣ አብሮ ቀረ። እናታችን የሞተች ጊዜ ሙሾ የሚያወርድ ሰው ጠፍቶ ሐዘንተኛው ሁሉ እርስ በርሱ ሲተያይ አይቼ ነበር። ተናደድኩ። ከዚያ ወዲህ ማንም ሳያስተምረኝ፣ የድሮ ቅጂዎችን እየሰማሁ፣ ብቻዬን ቤታችን ጓሮ እየተለማመድኩ ሙሾ ማውረድ ተማርኩ። ቀስ በቀስ ሰዎች ይጠሩኝ ጀመር። ደረቴን እየደቃሁ የሟቹን ሥራ፣ ጠባይ፣ ቀልድ ሳይቀር እየጠራሁ አስለቅስ ነበር። ቆጣሪው ሲመጣ አንድ ድርጅት ጠርቶኝ ድምፄን ቀዳው። አሁን የሐዘን አዳራሽ የገባ ሰው ሁሉ ጥጡን ይሰካና በእኔ ድምፅ ያለቅሳል። የሟቹን ስም ብቻ ይቀይራሉ። ሐዘንተኞቹ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል፣ አዳራሹ ግን ጸጥ ያለ ነው።

አናንያ ሚስቱን ከቀበረ በኋላ እኔ ጋ ነበር የሚኖረው። ኢዮስያስ አዲስ አልበም እንሥራ ብሎ ሲመጣ በጣም ነበር የሳቀው፣ አፉን በትራስ ይዞ። በምን ድምፅ አለው። በሌለን ድምፅ አለ ኢዮስያስ። የሚቀዱት ሙዓዝ ቤት ሳሎን ውስጥ ነበር። ድራሙን በጋቢ ጠቀለሉት፤ የስቲኮቹንም፣ የመምቻ እንጨቶቹን፣ ጫፍ በጨርቅ አሰሩ። አናንያ መጀመሪያ ሰሞን ሲመለስ ፊቱ ጠቁሮ ነበር የሚመጣው። «ድመት ሳሻሽ ውዬ መጣሁ እትዬ» ይለኝ ነበር።

በኋላ ግን አንድ ነገር ያዘው። ያም «አትቀስቅሱት» ነው። ዘፈኑ አዲስ ሕፃን ስለተወለደበት ፎቅ ነው። ሁሉም ሰው በሕፃኑ ምክንያት በእግሩ ጣት ይሄዳል። ኢዮስያስ «አትቀስቅሱት፣ ገና አሁን ነው የተኛው» እያለ ይደጋግማል። አናንያ የድራሙን ምት የሶፋው መደገፊያ ላይ በጣቱ ይለማመድ ስለነበር እኔም ሳላስበው ጣቴ ለመደው። መጨረሻው ላይ ግን አንድ ነገር ጨምሮበታል። ሕፃኑ መንቃት አለበት አለኝ። ጋቢው ይነሣል፣ የስቲኩ ጨርቅ ይፈታል፣ እኔም አንዴ እመታለሁ፣ አንዴ ብቻ፣ እንደ ድሮው፣ ቆጣሪው የፈለገውን ይበል አለኝ።

ቆጣሪው የሚቀጣው ግን እሱን ብቻ አይደለምና የሙዓዝን ፎቅ ሰዎች ማስፈቀድ ነበረበት። ድንኳን ሊተክል እንደሆነ ሰው በየቤቱ እየዞረ ለመነ። እኔም አብሬው ዞርኩ። ሰዎቹ በሩን ገርበብ አድርገው ይሰሙትና ይስቃሉ። አንዱ፣ ሳምንት ሙሉ በደረጃ ውኃ መሸከም ነው ወይ የምትጋብዘኝ አለው። ቢሆንም ሁሉም እሺ አሉ። ከሁሉም ያስቸገሩት እማማ ኢክራም ናቸው። ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል፤ ጉልበታቸው አይታጠፍም።

«ስንት ጊዜ ነው የምትመታው?» አሉት።

«አንዴ።»

«ለአንድ ምት ነው ሳምንት ደረጃ የምታስወጣኝ?»

«አንድ ነው፣ ግን ደህና አድርጌ ነው እማማ።»

ጉልበታቸውን ያዝ አድርገው አሰቡ። «ለፈዛዛ ምት ጉልበቴን አልሰጥህም። ከመታህ ምታው» አሉት። ቃል ገባላቸው።

ያን ዘፈን በቀዱ ዕለት ሙዓዝ ደወለልኝ። ዘፈኑን ጨርሰን፣ አናንያ ውኃ ጠጥቶ፣ ሶፋ ላይ ጋደም እንዳለ እንቅልፍ ይመስል ሄደ አለኝ። አልተሠቃየም አለኝ። ያን ጊዜ ያጽናናኝ ይኸው ነበር። ሥራውን ጨርሶ ነው የሄደው አልኩ። ምቱን መታ ወይ ብዬ አልጠየቅሁም። በእንዲህ ያለ ቀን እንዲህ ያለ ነገር አይጠየቅም።

ለወንድሜ ሙሾ አላወረድኩም። እኛ ፎቅ ላይ አቶ ቅዱስ የሚባል ጎረቤት አለን። ኩላሊቱን ለማሳጠብ በተሽከርካሪ ወንበር፣ በሊፍቱ ይመላለሳል። አስከሬኑ ከቤት ሲወጣ ሚስቱ በራችን ላይ መጥታ ቆመች። ቀና ብላ ቆጣሪውን ብቻ አየች። እኔም ገባኝ። አፌን በነጠላዬ ይዤ ወጣሁ። አዳራሽ ውስጥ ጥጥ ሰጡኝ። ስሰካው የራሴ ድምፅ ነው፣ የዛሬ ስንት ዓመት የተቀዳው። አናንያ፣ አናንያ ይላል። ስሙን የጠራው እኔ አይደለሁም፤ ማሽኑ በእኔ ድምፅ ነው የሠራው። አውጥቼ ጉያዬ ውስጥ ከተትኩት። የተረገመ ነገር ነው። ቆጣሪውን የሠራው ሰው ክፉ ቢሆን በተሻለኝ ነበር። ሁሉም ደግ ነው። ሁሉም ለጎረቤቱ አስቦ ነው አፌን የዘጋው።

አልበሙ ሲወጣ ሁለት ቀን አልሰማሁትም። ቅዳሜ ዕለት ከምሳ በኋላ አናንያ ይቀመጥበት የነበረው ቦታ ተቀምጬ ከፈትኩት። «አትቀስቅሱት» ሲመጣ እጄን የሶፋው መደገፊያ ላይ አሳርፌ በጣቴ ተከተልኩት። የመጀመሪያውን ስንኝ አብረን ሄድን። ሁለተኛው ስንኝ አጋማሽ ላይ የእኔ ጣት ወረደ፤ የእሱ አልወረደም። እጁ እንደተነሣ ቀረ። ቆሞ እንደገና የሚገባ ይሆናል ብዬ ጠበቅሁ። ባሱ ቀጠለ፣ ጊታሩም ቀጠለ። ኢዮስያስ በዚያ በተለሳለሰ ድምፁ አትቀስቅሱት ይላል፣ ገና አሁን ነው የተኛው ይላል፣ ደግሞ ይደግመዋል። የምቱ ቦታ ደረሰ። ምት የለም። ሹክሹክታዋ ብቻ መጣችና ዘፈኑ አለቀ።

ያን ምት የሚተው ሰው አልነበረም። ለዚያች ምት ነው በየሰው በር የለመነው። ካልመታት ደግሞ ዘፈኑን አልጨረሰም። ዘፈኑን ካልጨረሰ ውኃ አልጠጣም፤ ሶፋም ላይ አልተጋደመም።

በማግስቱ ወደ ሙዓዝ ቤት ሄድኩ። ኢዮስያስም እዚያው ነበር። ስለ አልበሙ የሚጠይቃቸው ሰው መጥቶ ገና መውጣቱ ነበር። ድራሙ ጥግ ላይ በጋቢ እንደተጠቀለለ ቆሟል። መቅጃው ጠረጴዛ ላይ፣ ገመዱም ግድግዳው ላይ እንደተሰካ ነው። ኢዮስያስ ተነሥቶ ጉንጬን ሳመኝ። አየሽ እትዬ ረድኤት፣ አናንያን አገር በሙሉ ወደደው አለኝ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር፤ ውሸቱን አይደለም። ያ ነው ይበልጥ ያናደደኝ።

«ውኃውን በየትኛው ብርጭቆ ነው የጠጣው?» አልኩት።

«የቱን ውኃ?»

«አናንያ ዘፈኑን ጨርሶ የጠጣውን። ብርጭቆውን አሳየኝ።»

ኢዮስያስ ወደ ሙዓዝ ዞረ። ሙዓዝ ወደ መሬት አየ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ዓይን አፋር የሆነ ሰው ነው። አርባ ዓመት ሙሉ ድራሙን ፊት ለፊት እያየ ነው የተጫወተው። ኢዮስያስ ለተመልካቹ ሲዘፍን ሙዓዝ ሁልጊዜ ወደ አናንያ ዞሮ ነበር የሚቆመው። ይህን ሳስታውስ ጥያቄዬን ወደ እሱ አዞርኩ። አይተኸው ነበር ወይ አልኩት።

«አየሁት» አለ።

ኢዮስያስ፣ ተው ሙዓዝ፣ ለእሷም አይጠቅማትም አለ። ሙዓዝ ግን አንዴ ጀምሯል።

«ስቲኩ ከእጁ ወደቀ። ምንጣፍ ላይ ነው የወደቀው፣ ምንም ድምፅ አላሰማም። ከዚያ ራሱን ዘንበል አደረገ። ለምቱ እየተዘጋጀ መሰለኝ እትዬ። ዝም ባለ ቁጥር፣ ይሄ ሰውዬ ዛሬ ጉድ ሊያፈላ ነው አልኩ። ደስ አለኝ። ደስ ብሎኝ ነው እስከ መጨረሻው የተጫወትኩት።»

«ከዚያስ?»

«የምቱ ቦታ ደረሰ። ጠበቅነው። አልመታም። ያኔ ጠራሁት።»

«እንዴት አድርገህ?»

ከንፈሩን ብቻ አንቀሳቀሰ። እኔ ግን ገባኝ። ዘፈኑ መጨረሻ ላይ ያለችው ሹክሹክታ፣ ሕፃኑ ነው፣ ነፋሱ ነው እያሉ ወጣቶቹ የሚከራከሩባት፣ ሙዓዝ ናት። የአርባ ዓመት ጓደኛውን ፊት ለፊቱ ተደፍቶ እያየ ስሙን የጠራው በሹክሹክታ ነው። ጎረቤት እንዳይሰማ። ቆጣሪው አረንጓዴ እንደሆነ ነው አናንያ የሞተው።

መጮህ ነበረብኝ፤ አልጮህኩም። ምን ያህል እንደለመደብኝ ተመልከቱ። እኔም ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው የተናገርኩት። ዘፈኑ አናንያ የቆመበት ላይ እንዲቆም እፈልጋለሁ አልኳቸው። ከዚያ በኋላ ያለው ይውጣ። ሕጋችሁ ነው፣ አንዱ እጁን ካነሣ ሁላችሁም ታቆማላችሁ፤ ለሰካራምና ለድንጋይ ወርዋሪ ያቆማችሁትን ለእሱ አላቆማችሁም።

ኢዮስያስ ቁጭ አድርጎ ሊያስረዳኝ ሞከረ። ሰው የሚወደው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው አለ። ለቅሶ ያለበት ሰው ሁሉ እሱን እየሰማ ነው የሚተኛው አለ። ብንቆርጠው አናንያን ራሱን መቁረጥ ነው አለ። ሞቱ በከንቱ እንዳይቀር ነው አለ። ይህን ሁሉ የተናገረው በዚያው በዘፈኑ ድምፅ ነው፣ ለስለስ አድርጎ፣ እንደሚያባብል ሰው።

«ሬሳ ላይ ነው የዘፈንከው» አልኩት። «አትቀስቅሱት እያልክ።»



ወደ ድራሙ ሄጄ ጋቢውን ገፈፍኩት። አቧራው ተነሣ። ኢዮስያስ እጁን ዘርግቶ፣ እትዬ፣ ኧረ ፎቁን አስቢ፣ እማማ ኢክራም አሉ አለኝ። ፎቁ ተጠይቋል አልኩት። ማን ጠየቀ አለ። እኔና አናንያ አልኩ። አንዱን ስቲክ አንሥቼ ጫፉ ላይ የታሰረውን ጨርቅ በጥርሴ ፈታሁት። የአናንያ የላብ ሽታ ነበረው። ወንበሩ ላይ አልተቀመጥኩም፤ ቆሜ ነው ትልቁን ድራም የመታሁት።

የመስኮቱ መስታወት ተንቀጠቀጠ። ጠረጴዛው ላይ የነበረ ማንኪያ መሬት ወረደ። በበሩ ራስጌ ላይ ያለው መብራት ቀላ፤ የኮሪደሩም መብራት ተከትሎት ቀላ። ከግርጌ ሊፍቱ ተንገጫግጮ ሲቆም ተሰማን። ክንዴ እስከ ትከሻዬ ድረስ ነዘረኝ። እንዲህ ያለ ድምፅ ከሰማሁ ዘመን አልፏል። ጦሳ ይመልስልኝ እንደሆነ ብዬ በመስኮቱ በኩል አዳመጥኩ። መስኮቱ ዝግ ነው።

የኢዮስያስን እጅ ያየሁት ያኔ ነው። ቀስ ብሎ ወደ መቅጃው እየሄደ ነበር። ክፋት አልነበረበትም፤ የሙዚቀኛ እጅ ነው፣ ጥሩ ድምፅ ሲሰማ ብቻውን ይሄዳል።

«ንካትና ታያለህ» አልኩት።

ሙዓዝ ተነሣ። የመቅጃውን ገመድ ከግድግዳው ነቀለና በእጁ ያዘው። ከዚያ ሁለቱንም እጆቹን፣ ገመዱን እንደያዘ፣ ወደ ላይ አነሣቸው። እንደ ድሮው፣ ድንጋይ ሲወረወር መድረክ ላይ እንደሚያደርገው።

«እጄን አንሥቻለሁ ኢዮስያስ» አለ።

ኢዮስያስ የሙዓዝን እጆች ሲያይ ቆየ። ሕጉን ያወጣው እሱ ራሱ ነበር። መጨረሻ ላይ ሶፋው ላይ ተቀመጠና ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። እሺም እምቢም አላለም፤ በእነሱ ሕግ ግን እሺታው አያስፈልግም ነበር። ዘፈኑ ቆሟል።

በሩ ተንኳኳ። ሙዓዝ ሲከፍተው የፎቁ ሰዎች በቀዩ መብራት ውስጥ ቆመዋል። ውኃ በደረጃ ስለመሸከም የቀለደው ሰውዬ አለ። ሕፃን የታቀፈች ሴት አለች። ከፊት እማማ ኢክራም በምርኩዛቸው ተደግፈው ቆመዋል። ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት ቀደሙኝ። ይሄ የአናንያ ነው ወይ አሉ። አዎ አልኳቸው።

እማማ ኢክራም ድራሙን አዩት፤ ከዚያ ስቲኩን አዩት፤ ከዚያ እኔን።

«እኛ የሰማነው ወለሉ ሲነቃነቅ ነው» አሉ። «ጥጣችን ጆሯችን ውስጥ ነበር። ደረጃው እንደሆነ መጥቶብናል፣ ሳንሰማው ልንወጣው ነው እንዴ? ደግሞስ ይሄ ልጅ ቃል የገባልኝ ከዚህ የበለጠ ነው። ድገሚው።»

ይህን ብለው የቀኝ ጆሯቸውን ጥጥ አወጡ፤ ቀጥለው የግራውን። ከኋላቸው ያሉትም አንድ በአንድ እያወጡ መዳፋቸው ላይ ያዙት። ሴትየዋ የሕፃኑንም አወጣችለት። ሕፃኑ ጆሮው ባዶ ሲሆን ግራ ገብቶት ዙሪያውን ተመለከተ።

ስቲኩን በሁለት እጄ ይዤ ከራሴ በላይ አነሣሁት። በዚህኛው ምት ላይ ስሙንም ጠራሁ። በሹክሹክታ አልጠራሁትም።